በ«ከ» ተጽፎ በ«ሸ» ሲነበብ

ቬስተሮስ፣ ሐይቁ ዳር፣ የአረጋውያን ቤት፣
የመጀመሪያዬ የሥራ ዕለት፤
በሩ ላይ ያለውን ፊደል ቆጥሬ፣
«ከርስቲን!» ብዬ ተጣራሁ ደፍሬ።
ከርስ ማለት እኛ ዘንድ ሆድ ነው፣ ያውም ባዶ፣
ምን ዓይነት አባት ነው ይህን የሚያወጣ ሴት ልጅ ወልዶ?

አሮጊቷ ሳቀች፤ ጣቷን አነሣች፤
«በከ ይጻፋል እንጂ በሸ ነው ሚነበብ» አለች።
«ሸሽ—ቲን።»
እኔ የሰማሁት ግን፦
«ሸሽተን።»
ቆምኩ ትሪ እንደያዝኩ፣ ገንፎው እስኪረጋ፣
ማን ነገራት ብዬ ከሁመራ ወዲያ የሄድነውን ሌሊት፣ እስኪነጋ።

በዚያ ኮሪደር ላይ አራት ሸሽቲን አሉ፤
አንዷን ስትጠራ አራት ራሶች ዞረው «አቤት» ይላሉ።
ጎረቤት አገር ሲነድ የተወለዱ የአንድ ዘመን ልጆች፣
ቅቤ በካርድ ሲታደል ያደጉ ሴቶች።
ያኔ፣ ይሉኛል፣ በየክፍሉ ሦስት፣
ሙሽራዋ ሸሽቲን፣ ሚዜዋ ሸሽቲን፣
አበባ ሻጯም እንዲሁ።
ዛሬ ከመንገዱ ማዶ፣ መዋእለ ሕፃናት፣
ከጃኬት መስቀያው በላይ ስሞቹን ሳነብ አንዲት ሸሽቲን የለችበት።
ስምም እንደ ቀሚስ ፋሽን አለው ለካ፣
ያጥራል፣ ይረዝማል፣ ቁም ሣጥን ይገባል፣ ሌላ እስኪለካ።

ሚስቴ ሴት ወለደች፣ በየካቲት ውርጭ።
የእናቴን ስም አሰብኩ። እኅቴ ስልኩ ላይ ሳቀች፦
«ጸዳለ! በዚህ ዘመን! አብደሃል?» አለች፤
«የጎረቤት ልጆች ኤልዳና ናቸው፣ ሶልያና፣
ጸዳለ የሚባል ሰው ጡረታ ወጥቷል እኮ፤ ነህ ወይ በጤና?»

እዚህ አገር ስምን የሚመዘግበው ግብር ሰብሳቢ ነው።
ፊደሎቹን አይቶ «የቱ ነው» አለኝ «የማይነበበው?»
«ሁሉም ይነበባል፣ ባንዴ ተጨምቆ፣
እንደ ለውዝ ቅርፊት ጥርስ ላይ ተሰንጥቆ።»
«ሴዳሌ፣» አለ። ትንሽ ቆይቶ፣ «ዜዳል።»
ፈርሜ ወጣሁ።

ለሰባት ቁጥሯ ሸሽቲን አወራሁላት።
ጥርሷን ከብርጭቆ አውጥታ አጠለቀች፣ ለስሙ ክብር ስትል፤
ከዚያ በየማለዳው፣ በገንፎና በክኒን መካከል፣
«ተ—» ትላለች፣ «ስ—» ትላለች፣ ምራቋን ትጠርጋለች፤
አንድ ቀን፣ መስኮቱ በጭጋግ ታፍኖ፣ «ጠዳለ!» ብላ ጮኸች።
ወዲያው ይቅርታ ጠየቀች፣ አበላሸሁት ብላ።

አላበላሸሽም፣ ሸሽቲን።
እናቴን የደጀን ሰው፣ ገበያ ስትወርድ፣ እንጨት ስትለቅም፣
«ጠዳሉ» ነበር የሚላት፤ በጸ የጠራት የለም።
ጸሐይም እኛ መንደር «ጠሐይ» ሆና ነው የምትወጣ፤
ጸ ከመዝገብ ጋር ነው፣ ከማኅተም ጋር የመጣ።
አንድ ጊዜ ብቻ፣ በመሬት ክርክር፣
ዳኛው «ወይዘሮ ጸዳለ» ብሎ ሲጣራ፣
ሌላ ሴት መስላት ዞራ ፈለገች፣
የቆመችበት ቦታ ላይ ቆማ።
ታዲያ እኔ ግብር ሰብሳቢው ፊት
የማንን ድምፅ ነው የተሟገትኩለት?

በሰኔ ልጄን ታቅፌ ሄድኩ።
የሁለት ቁጥር በር ስሙ ተነሥቶለት፣
ሙጫው ብቻ ቀርቷል፣ አራት ማእዘን፣ አቧራ የያዘበት።
ሦስቱ ፀሐይ ላይ ናቸው፣ ብርድ ልብስ በጉልበታቸው።
ሰባት ቁጥሯን ልጠራ፣
«ሸሽቲን!» አልኩ።
ሦስት ራስ ዞረ።
አራተኛዋ፣ ክንዴ ላይ፣ ድዷን እያሳየች፣
ልጄ ነበረች፤
ከየትም ያልሸሸች።